አጥር ላይ የተሰቀለው ሳህን

አባቴ ከሠራዊቱ የወጣው አሥር አለቃ ሆኖ ነው፤ ስለዚህ ውሻውን ሻምበል አለው። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሞ «ሻምበል፣ ተቀመጥ» ሲል ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ሻምበሉም ይቀመጣል። አባቴ ወታደር ሆኖ በኖረባቸው አሥራ ስምንት ዓመታት ቃሉን እንዲህ የሰማለት ሰው ያለ አይመስለኝም። ካራማራ ላይ ነበርኩ ይላል። እውነቱን ነው፣ ነበረ፤ የውሃ ቦቴ ረዳት ሆኖ።

ሻምበል የታመመው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ተጋድሞ ሳለ እግሮቹ ተገተሩ፤ አረፋ ደፈቀ፤ ሽንቱ አመለጠው። እናቴ፣ ለተሥላሴ፣ ክብሪት ጭራ አፍንጫው ሥር ያዘችለት። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሲነሳ ክብሪቱ አዳነው አለች። በሳምንቱ ሦስት ጊዜ ወደቀ። አንድ ፓኮ ክብሪት አለቀ እንጂ በሽታው አላለቀም።

ማሃድ የሚባለው የእንስሳት ሐኪም ግመልና ፍየል ሲያክም የሚውል ሰው ነው። ውሻ መንካት ስለማይፈልግ ሁለት ጓንት ደርቦ መጣ። የሚጥል በሽታ ነው፤ አይድንም፤ እንክብሉን ጠዋትና ማታ ከዋጠ ግን ዕድሜውን ይኖራል አለን። ከተቋረጠበት ከበፊቱ ብሶ ይመጣል ብሎም አስጠነቀቀ። ካርድ ሲያወጣለት ቅጹ ላይ ግመል፣ ከብት፣ በግና ፍየል እንጂ ውሻ የሚል ቦታ አልነበረም። ማሃድ ትንሽ አሰበና ፍየል ላይ ምልክት አደረገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንግሥት መዝገብ ሻምበል ወንድ፣ ጥቁር፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ፍየል ነው።

ችግሩ እንክብሉ መራራ መሆኑ ነበር። በዳቦ ሲሰጡት ዳቦውን በልቶ እንክብሉን ይተፋል። በቅቤ ሲሰጡት ቅቤውን ልሶ እንክብሉን አድርቆ ያስቀምጠዋል። አባቴ አንድ ጊዜ አፉን ፈልቅቆ ሊያስውጠው ሞከረና አውራ ጣቱን ተነከሰ። ሳያሸት፣ ሳያላምጥ፣ ሳይመረምር የሚውጠው አንድ ነገር ብቻ ተገኘ፤ የግመል ጉበት።

የግመል ጉበት ደግሞ እኛ ቤት አይገባም። የግመል ሥጋ ነው፤ የታረደውም በእስላም እጅ ነው። እናቴ አንዲት ቁራጭ ደጃፏን ካለፈች ድስቶቿን በሙሉ አውጥታ እንደምትሰብር ተናግራለች፤ ታደርገዋለችም። ጉበቱ ያለው ከአጥር ወዲያ ኤዶ ባቱሎ ዘንድ ነው። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራት እንዲህ ነው። ገበያ ላይ የግመል ሥጋ ትሸጣለች። ጉበቱን ለመስጠት አልሰሰተችም። ነገር ግን የውሻ ምራቅ በሃይማኖቷ ነጃሳ፣ የሚያረክስ፣ ስለሆነ ሻምበልን አትነካም፤ የነካውንም አትነካም።

ስለዚህ በዚህ ከተማ ብቻ ሊታሰብ የሚችል አሠራር ተፈጠረ። አባቴ እንክብሉን በወረቀት ጠቅልሎ በአጥሩ ላይ ያቀብላታል። ባቱሎ ጉበቱን በቢላዋ ሰንጥቃ እንክብሉን መሃሉ ትቀብርና በቆርቆሮ ሳህን አድርጋ በሽቦው አጥር ሥር ትገፋዋለች። አባቴ ውሻውን በአንገቱ ይዞ፣ ሽታው እንኳ እንዳያረክሰው ፊቱን ወደ ካራማራ ተራራ ያዞራል። ውሻው ይውጣል። ባቱሎ ሳህኑን በእንጨት ስባ ሃይማኖቷ እንደሚያዘው ሰባት ጊዜ ታጥበዋለች፤ የመጀመሪያውን ባፈር፣ የቀረውን በውሃ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ እየቆጠረች። «ኮው፣ ለባ፣ ሰዴሕ…» ሰባት ላይ ስትደርስ «ቶዶባ» ብላ የአጥሩ ቋሚ ላይ ካለው ሚስማር ትሰቅለዋለች። ከሁለቱም ቤት ማንም የማይበላበት ሳህን ነው። ጅግጅጋ ውስጥ ግን የሱን ያህል ንጹሕ ሳህን ያለ አይመስለኝም።

እንዲህ አራት ዓመት ሞላቸው። አመሰግናለሁ መባባል አያውቁም፤ መሰዳደብ ግን አንድም ቀን አልታጎለባቸውም።

«ካራማራን ያዝኩ የምትል ሰውዬ፣ ጉበት ትፈራለህ?» ትለዋለች።

«አንቺስ? ጅብ በድንጋይ የምታባርሪ ሴትዮ፣ የውሻ ምራቅ ያስሮጥሻል» ይላታል።

እኔ በረንዳው ላይ ሆኜ በሁለቱም እስቅባቸዋለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የግመል ጉበትና የበሬ ጉበት በምን እንደሚለያዩ፣ ይልቁንም በምን እንደማይለያዩ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ ማሳየት እችላለሁ። እጄን ግን አንድም ቀን አልዘረጋሁም።

በ2003 ሁዳዴ መሃል የባቱሎ ልጅ ኻድራ ደምበል ወረዳ ወለደች። ባቱሎ ልታርሳት ስትነሳ ሦስት ሳምንት እንደምትቆይ ነገረችን። ገበያ ላይ አብሯት የሚሠራው ዋርፋ በየጠዋቱ ጉበት በፌስታል አጥሩ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል፤ የውሻ መድኃኒት መቀላቀል ግን የሱ ሥራ አይደለም። ቢላዋዋን ከሳህኑ አጠገብ አንጠለጠለችና አባቴን ታደርገዋለህ ወይ አለችው። አባቴ እንዳታስብ ነገራት። እንደ ጄኔራል ነበር የነገራት።

ዋርፋ ቃሉን ጠበቀ። አባቴ ፌስታሉን በእንጨት ጫፍ አንጠልጥሎ ከጓሮ ወዲያ ለአሞራ ይወረውረዋል። ከዚያ እንክብሉን ዳቦ ውስጥ ከትቶ ለሻምበል ይሰጥና ቤት ገብቶ «ዋጠ» ይለናል። ማታም «ዋጠ»። እናቴ ደስ አላት። ይኸው ያለዚያ እርኩስ ነገርም ይቻል ነበር ብላ አራቱን ዓመት በሙሉ ለባቱሎ ጥፋት ቆጠረችው።

በስምንተኛው ቀን የውሻውን መኝታ ላራግፍ ጆንያውን ሳነሳ ሥሩ አሥራ አንድ እንክብል ተደርድሮ አገኘሁ። አንዳንዱ ጫፉ ታኝኳል። ለቅሜ ሬዲዮኑ አጠገብ፣ አባቴ ፊት አስቀመጥኳቸው። አየት አደረጋቸውና አይጥ ይሆናል አለ። አይጥ ዳቦ ሲሰርቅ እንጂ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲያከማች አላውቅም አልኩት።

«እንግዲያው አንቺ ስጪው፣ አክሱማዊት። ባዮሎጂው ያለው አንቺ ጋ ነው።»

ወጣሁ። ፌስታሉ ሽቦው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከውስጥ ላብ መስሎ ወዝቷል። ቋጠሮውን ፈታሁ። ሽታው ሲመጣብኝ እናቴ በልጅነቴ የግመል ሥጋ ተራ ባለፍን ቁጥር አፍንጫዬን የምታፍንበት የነጠላ ጫፍ ትዝ አለኝ። መልሼ ቋጠርኩት። ቤት ገብቼ የተማሪዎች ፈተና ማረም ጀመርኩ። ያደረግኩት የአባቴን ውሸት ያህል እንኳ ወግ አልነበረውም።

በማግስቱ ቅዳሜ የእናቴ ማኅበርተኞች ቤታችን ተሰብስበው ሳለ ሻምበል ወደቀ። ተነሳ፣ ደግሞ ወደቀ። ሦስተኛው ላይ መነሳቱን ተወው፤ አንዱ ሳይለቀው ሌላው ይይዘዋል። ምላሱን ነክሶ ደሙ ከአረፋው ጋር ተቀላቀለ። ሴቶቹ ክብሪት አቀበሉ። አባቴ መሬት ላይ ተንበርክኮ የውሻውን ራስ በሁለት እጁ ይዞ «ሻምበል፣ ተነስ» ይል ነበር። ትእዛዝ አይመስልም ነበር።

ማሃድ በባጃጅ መጣ፤ ሁለት ጓንቱን ደርቦ መርፌ ወጋው። ብዙ ቆይቶ እግሮቹ ረገቡ። ማሃድ ካርዱን አወጣና ስንት ቀን እንደተቋረጠ ጠየቀ። አባቴ አልተቋረጠም አለ።

«ፍየሉ አይዋሽም፣ አባቴ» አለ ማሃድ ካርዱን እያየ። «ስንት ቀን ነው?»

«ዘጠኝ» አለ አባቴ።

ማሃድ ጓንቶቹን አንድ በአንድ አውልቆ ጣላቸው። ነገ ጠዋት ካልዋጠ እንዳትጠሩኝ፣ ሁለተኛ እንዲህ ከያዘው አይነሳም ብሎ ሄደ።

እሑድ ጠዋት አባቴ ነጭ ለብሶ ወጣ፤ ቅዳሴ ግን አልሄደም። አጥሩ ሥር ቆመ። ዋርፋ ጉበቱን ሰቅሎ ሄዷል። አባቴ መጀመሪያ ባዶ ፌስታል እጁ ላይ አጠለቀ፤ ከማሃድ የተማረው ይመስለኛል። ጉበቱ በፌስታሉ ላይ ሙልጭ እያለ አስቸገረው፤ እንክብሉም ወደቀና አቧራ ላይ ተንከባለለ። አነሳው። ፌስታሉን አወለቀ። በባዶ እጁ ጉበቱን ያዘ፣ በባቱሎ ቢላዋ ሰነጠቀው፣ እንክብሉን በአውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ገፋው። ሻምበል ገና አንገቱን ቀና ማድረግ አልቻለም፤ ሳህኑን አፉ ድረስ ያዘለት። ፊቱን ወደ ካራማራ አላዞረም። ውሻው ዋጠ።

ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስበት ሰዓት ነበር። ከትናንቶቹ ማኅበርተኞች አንዷ መንገዱ ላይ ቆማ አየችው፤ እጁ እስከ አንጓው ደም ነው።

«አቶ ኃይለልዑል፣ በሁዳዴ?»

«ለሻምበሉ ነው» አላት።

ሴትየዋ አማተበችና አለፈች። እናቴ ከመስኮቱ አይታለች። ድስቶቹን ከታችኛው መደርደሪያ አንስታ ላይኛው ላይ ደረደረቻቸው። አልሰበረችም።

አባቴ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ምን እንደሚያደርግ የጠፋው ይመስለኛል። የነፍስ አባቱ ቢጠየቁ ይህን ያህል ስግደት፣ ይህን ያህል ጾም ይሉታል፤ አሁን የቆሸሸች እጅ ምን እንደምትደረግ ግን ያስተማረው የለም። ያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለአራት ዓመት፣ በቀን ሁለቴ፣ በሽቦው ቀዳዳ። ጎንበስ ብሎ አፈር ዘገነ። እጁን አሸ፣ ሳህኑን አሸ፣ ከጀሪካኑ ውሃ አፈሰሰ፣ ደግሞ አፈሰሰ። ሠላሳ ዓመት ጅግጅጋ ኖሬ አንድ የሶማሊኛ ቃል ጆሮዬ አልገባም እያለ የሚኮራው አባቴ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሰባት ላይ አቆመና ሳህኑን ሚስማሩ ላይ ሰቀለው።

ባቱሎ ስትመለስ ሻምበል በእግሩ ቆሟል። ሳህኑን ከሚስማሩ አውርዳ አገላብጣ አየችው። 

«ማን አጠበው?»

«ዝናብ» አላት አባቴ።

ዝናብ ከጣለ ሁለት ወር አልፎት ነበር።

«ዝናብ ባፈር ያጥባል?»

አባቴ እንክብሉን በወረቀት ጠቅልሎ በአጥሩ ላይ አቀበላት። እሷ ጉበቱን ሰንጥቃ ቀበረችበት፤ እሱ ውሻውን በአንገቱ ይዞ፣ አፍንጫውን ነፍቶ፣ ግመል አይቶ እንደማያውቅ ሰው ፊቱን ወደ ካራማራ አዞረ። ሻምበል ዋጠ። ባቱሎ ሳህኑን በእንጨት ስባ መቁጠር ጀመረች። ስድስት ላይ ስትደርስ «ሊሕ» አለችና ጣሳውን እንዳነሳች ቆመች። ውሃውን አላፈሰሰችም። 

«ቶዶባ» አለ አባቴ፣ ፊቱን ሳይመልስ።

ውሃውን አፈሰሰች።