የማማ ፋጥማ ድመት

ሚስራ ከሂሉክስ መኪናው ሥር በደረቷ ተኝታ፣ የስልኳን መብራት ወደ ሞተሩ እያበራች “ሉሉ፣ ነይ እናቴ፣ ነይ” ትላለች። ከጁምዓ ወዲህ ድመቷን ያልፈለገችበት ቦታ የለም። የቡናውን እርከን እስከ ታች ድረስ ወርዳለች፤ የውኃ ታንከሩ ላይ ወጥታ አይታለች፤ የጎረቤቱን በር ሁሉ አንኳኩታለች።

ልትነሣ ስትል፣ ከትርፍ ጎማው ጀርባ የተጣበቀ ነጭ ፀጉር አየች። በጣቷ ነቅላ ይዛው ወጣች።

“ሳሊም፣ ጁምዓ ዕለት በዚህ መኪና የት ነበር የሄድከው?”

ሳሊም የማማ ፋጥማ የመጨረሻ ልጅ ነው። ወደ ጂዛን በሚወርደው መንገድ ላይ መኪና የሚፈትሽ ወታደር ሲሆን፣ ዛሬ ዕረፍቱ ነበር። ፀጉሩን አየና ራሱን ነቀነቀ።

“አል-ዓሪዳ። ለፍየሎቹ ሣር ላመጣ። ኸላስ፣ ሚስራ፤ እዚያ ወርዳ ከሆነ ውሻ በልቷታል። ሌላ እገዛላቸዋለሁ።”

“ሌላ ድመት ለእሳቸው ሉሉ አትሆንም።”

ይህንን ሳሊምም ያውቀዋል። እናቱ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ሰው ወደ ክፍላቸው ሲገባ የሚያውቁት በድመቷ ነው። ሉሉ ከጭናቸው ላይ ቀና ካለች፣ በሩ ላይ ሰው አለ ማለት ነው። አሁን ጭናቸው ባዶ ሆኖ ኮሽታ በሰሙ ቁጥር ይደነግጣሉ። ምግብ ሲቀርብላቸው በእጃቸው ገፋ አድርገው “አልራበኝም” ከማለት ሌላ ቃል የላቸውም።

ሚስራ ለአሮጊቷ ያላት ፍቅር እንዲሁ የመጣ አይደለም። ከከሚሴ ወደ ሳውዲ መጥታ እዚህ አድ-ዳኢር በቤት ሠራተኝነት በተቀጠረች ሰሞን ቤተሰቡ ስልኳን ሊይዝባት ሲል፣ “ልጅ ያላትን ሴት ስልክ አትንኩ” ብለው ያስጣሉላት እሳቸው ናቸው።

ሚስራ የድመቷን ፎቶ በየተራራው ላሉ ሐበሻ ሴቶች በስልክ ላከች። ኑሪያ የምትባለው ለአማቿ ላከችው፤ አማቿም ለሌላ ሰው። ከቀትር በፊት የማታውቀው ቁጥር ደወለ።

“አብዲሳ እባላለሁ። አል-ዓሪዳ ፍየል ጠባቂ ነኝ። ነጭ ሆና አንድ ጆሮዋ ቡናማ ነው አይደል?”

“አዎ ወንድሜ! ደኅና ናት?”

“በሕይወት አለች። እኛ በምንተኛበት ጅምር ቤት፣ ብሎኬት ክምር ሥር ገብታለች። ወተት ብናስቀምጥላት እኛ ካልራቅን አትጠጣም።”

“ታመጣልኛለህ?”

“እኔማ አስፋልት ላይ ከወጣሁ መመለሻም የለኝ” ብሎ ሳቀ። ወዲያው ግን ድምፁ ዝቅ አለ። “እዚህ የመኖሪያ ወረቀት ያለው ሰው የለም፣ እህቴ። ትመጪ እንደሆን ብቻሽን ነይ።”

ብቻዋን እንዴት ትሂድ? ያለው መኪና የሳሊም ነው፤ የሳሊም ሥራ ደግሞ እንደ አብዲሳ ያሉትን መያዝ ነው። ሚስራ ሽንኩርት እየከተፈች ብዙ አሰበች። ከጓዳው በኩል ማማ ፋጥማ ሉሉ ትተኛበት የነበረውን ባዶ ትራስ ሲደባብሱ አየቻቸው። ቢላዋውን አስቀምጣ ወጣች።

“አንዲት ሴት አል-ዓሪዳ መስጊዱ አጠገብ አይቻታለሁ ብላለች” አለችው ለሳሊም።

ሳሊም ቁልፉን አነሣ። “ያላ። ለእናቴ ስል ነው እንጂ ለድመት ብዬስ አልወርድም።”

የተራራው መንገድ እየተጠማዘዘ ወረደ። ፍተሻው ጋ ሲደርሱ የሳሊም ጓደኞች እጃቸውን አውለብልበው አሳለፏቸው። በዳሱ ጥላ ሥር ግን የተያዙ ሐበሻ ወጣቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ግንባራቸውን ጉልበታቸው ላይ ደፍተዋል፤ ጫማ ያደረጉትም ጥቂቶች ናቸው። አንዱ ቀና ብሎ ሚስራን አያት። ሳሊም ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ሬድዮውን ከፍ አደረገው።

መስጊዱ ጋ ሲቆሙ ሚስራ ባዶውን የቲማቲም ሣጥን ይዛ ወረደች።

“አንተ እዚህ ጠብቀኝ። ደንግጣለች፤ የወንድ ድምፅ ከሰማች ትሸሻለች።”

“የእኔን? እቤታችን ያደገች ድመት?”

“እባክህ።”

ጥቂት አያትና መቀመጫውን ወደ ኋላ ዘርጋ አደረገ። “ከከሰዓቱ የዐስር ሰላት በፊት ተመለሺ።”

ደረቁን ወንዝ ተሻግራ፣ ከፍየሎቹ አጥር ጀርባ ወዳለው ጣሪያ አልባ ቤት ደረሰች። አብዲሳ ሽርጥ ያገለደመ፣ ሌላ ሽርጥ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ፣ ሠላሳውን የተሻገረ ቀጭን ሰው ነው። ከኋላው ሦስት አራት ሰዎች ቆመዋል።

“በምን መጣሽ?” አላት ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ።

ልትዋሽ አፏን ከፈተች፤ አልሆነላትም። “የማማ ልጅ ነው ያመጣኝ። ወታደር ነው። መስጊዱ ጋ ትቼዋለሁ፤ ይህን ቦታ አላሳየሁትም።”

ማንም አልጮኸባትም። ሰዎቹ ፌስታላቸውንና ብርድ ልብሳቸውን አንሥተው አንድ በአንድ ወደ ግራሩ ውስጥ ገቡ። አብዲሳ ግን ባለበት ቆመ።

“አንተስ?”

“ድመቷን ማን ያወጣልሻል? ቶሎ በይ።”

የብሎኬቱ ቁልል ከባድ፣ አንዱ ቢነካ ሌላው የሚወርድ ነው። ሚስራ ተንበርክካ ጠራች፤ ከቤት የያዘችውን ጉበት አሳየች፤ ለመነች። ከውስጥ የቀጠነ ድምፅ ይሰማል እንጂ የሚመጣ ነገር የለም። አብዲሳ አንዱን ብሎኬት ሊያነሣ ሲሞክር ከላይ ያለው ተንሸራተተ፤ በክንዱ ደግፎ ያዘው። ክንዱ ደማ።

“ተወው፣ ይጨፈልቃታል” አለች ሚስራ። እንባዋ መጣ። ከዚያ አንድ ነገር ታሰባት፤ ስልኳን አውጥታ ወደ ቤት ደወለች።

“ማማ፣ ሉሉ እዚህ ናት። አልወጣም አለችኝ። እስቲ እርስዎ ይጥሯት።”

ስልኩን ከቀዳዳው አፍ አስቀመጠችው። የማማ የተሰነጣጠቀ ድምፅ፣ ለሕፃን እንደሚወራ እያባበለ መጣ። “ሉሉ፣ የልቤ። ለምን ተቆጣሽ? አልጋሽን አላስነካሁም። ነይ፣ ማታ ይበርደኛል።”

አብዲሳ አረብኛውን ሰምቶ አንገቱን ደፋ።

መጀመሪያ ጆሮዋ ብቅ አለ። ሉሉ በአቧራ ግራጫ ሆና፣ ሆዷ መሬት እየነካ ወጣችና ስልኩን አሸተተችው። ሚስራ ዘልላ ያዘቻት። ድመቷ እጇን ቧጠጠችው፤ ሚስራ ግን አልለቀቀቻትም። አብዲሳ የትከሻውን ሽርጥ ጣል አድርጎባት፣ አንገቷን ብቻ አስወጥቶ ጠቀለላትና ዳርና ዳሩን ቋጠረው። ሣጥኑ ውስጥ ሲያስገቧት መታገሏን ተወች።

“ሽርጥህን…”

“ሂጂ፣ እህቴ። ሂጂ በቃ።”

ሳሊም ሣጥኑን አይቶ ፈገግ አለ። ዓይኑ ሽርጡ ላይ ሲደርስ ፈገግታው ቆመ።

“ይህ የማነው?”

“ወድቆ ያገኘሁት ነው።”

ወታደሩ ወደ ደረቁ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ግራሩ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ሳሊም ሞተሩን አስነሣና መኪናውን ወደ ተራራው አዞረ። ፍተሻው ላይ አንዱ ጓደኛው አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ምን እንደጫኑ ሲጠይቀው፣ “የእናቴን ድመት” ብሎ መለሰና አለፉ።

ማማ ፋጥማ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሚስራ አስቀምጣቸው ሣጥኑን ጭናቸው ላይ አደረገችላቸው። ጣቶቻቸው የድመቷን ጆሮ፣ ግንባር፣ አገጭ ዳሰሱ። ከዚያ ቋጠሮው ላይ ቆሙ።

“ይህን ያሠረው የወንድ እጅ ነው” አሉ። “ማነው ያገኛት?”

“ዛፍ ሥር ነበረች ማማ።”

“ድመት ራሷን አትጠቀልልም፣ ልጄ። ዛሬ ማታ ዱዓ ላደርግለት እፈልጋለሁ። ስሙን ሳልጠራ እንዴት ይሆናል?”

ሳሊም ግድግዳው አጠገብ ተቀምጦ ጫማውን ይፈታል። እጁ ማሠሪያው ላይ ቆሟል፤ ቀና ግን አላለም። ሚስራ አየችው። ወደ አሮጊቷም ዞረች። ሉሉ ከሽርጡ ወጥታ ጭናቸው ላይ ቦታ እያደላደለች ነበር።

ሚስራ ተንበረከከች። ከንፈሯን ወደ ማማ ፋጥማ ጆሮ አስጠጋችና፣ “አብዲሳ” አለቻቸው።