የአጅሬ ሙጫ

ግዙፉ መደብር ከመንገዱ ማዶ ሲከፈት፣ የወዲህኛው ጎን ባለሱቆች ስም ለማውጣት አንድ ቀን አልፈጀባቸውም፤ «አጅሬ» አሉት። የራሱ ስም ጣሪያው ላይ የሰው ቁመት በሚያህል ፊደል ተጽፏል፤ ግን ማንም አይጠራውም። አጅሬ በአሥራ አንድ አገር ቅርንጫፍ አለው ይባላል። ከሳሙና እስከ መኪና ጎማ በርካሽ ይሸጣል። በዚያ ላይ ቁልፍ ይቀርጻል፣ ዐይን ይመረምራል፣ ጉርድ ፎቶ ያነሣል፤ ከእሱ የተገዛ ሱሪ ከረዘመም ደንበኛው ገበያውን እስኪጨርስ ድረስ በነፃ ያሳጥራል።

ልብስ ሰፊውን ከሁሉ ያንገበገበው ይኼ የመጨረሻው ነው። አንገቱ ላይ በሚያንጠለጥለው መለኪያ የተነሣ ሰው ሁሉ «ጋሼ ሜትር» ይለዋል። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ከአንዲት ልጁ ጋር ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ይኖራል። ሃያ ሁለት ዓመት የሰፈሩን ሱሪ ሲያሳጥር ኖሮ፣ አሁን ዝንብ እሽ ሲል ይውላል።

ስለ አጅሬ የማይወራ አልነበረም። ከምድር ቤቱ ሥር ሌላ ምድር ቤት አለ ተባለ። ዐይን መርማሪው የሰውን ዐይን ፎቶ እያነሣ ባሕር ማዶ ይልካል ተባለ። ትናንሾቹን ሱቆች አዘግቶ ሲያበቃ ጥሎ ይሄዳል፣ በሌላም አገር እንዲሁ አድርጓል ተባለ። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላል ተረቱ፤ የዚያ መንገድ ሰው ግን መላውን ትቶ ሌላ ወሬ ይጨምርበታል።

ጋሼ ሜትርም የበኩሉን አዋጣ። «የአጅሬ ሱሪ የሚሰፋ እንዳይመስላችሁ! በሙጫ ነው የሚያጣብቁት። ሦስተኛው አጠባ ላይ ይለቃል» አለ። ማንም የነገረው የለም፤ አንድ ጠዋት በምላጭ ስፌት ሲፈታ አፉ ላይ የመጣለት ነው። ደጋግሞ ሲናገረው ግን ራሱም አመነው።

ባለሱቆቹ አንዳቸውም አጅሬ ቤት ላይገቡ ተማማሉ። ለከተማው ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ለማስገባትም ተስማሙ። የማኅበራቸው ሊቀ መንበር የሆኑት ጫማ ሻጯ እትዬ፣ ሙጫውን አንደኛ ነጥብ አድርገው ጻፉት።

«ባለሙያው አንተ ነህ» አሉት። «ሱሪውን አይተህ ትፈርማለህ፤ እኛም ከወረቀቱ ጋር አያይዘን እንሰጣለን።»

«የቱን ሱሪ?»

እግሩ እዚያ ላይደርስ የማለ ሰው የአጅሬን ሱሪ ከየት ያመጣል? ኋላ ላይ ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠራረገና «ወንድሜ አንድ አለው» አለ።

በማግስቱ ሁሉም ልብስ ሰፊው ሱቅ ተሰበሰቡ። ጋሼ ሜትር ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ቀኝ እግሩ ከግራው በአንድ ጣት ያጥራል። በሰፈሩ እንዲህ ያለ እግር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ነው፤ ወንድም ደግሞ ኖሮት አያውቅም። ጋሼ ሜትር ቀና ብሎ አየው፤ ሰውዬው ኮርኒሱን ማጥናት ጀመረ።

«ስንቴ ታጥቧል?»

«ሰ… ሰባቴ፣ ወንድሜ እንደሚለው።»

ጋሼ ሜትር ጫፉን ገለበጠና ክው አለ። ሙጫ የለም፤ የእጅ ስፌት ነው። ክሩ አልተቋጠረም፤ ሦስቴ ወደ ኋላ ተመልሶ ጭራው እጥፋቱ ውስጥ ተደብቋል። እንዲህ የሚጨርስ እሱ ነው። «ቋጠሮ የሰነፍ ነው» እያለ ለአንድ ሰው ብቻ አስተምሮታል። ስፌቱ የሚያዘነብለው ግን ከእሱ በተቃራኒ ነው። ልጁ ግራኝ ናት።

ልጁ አራት ወር ሙሉ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆኛለሁ ብላ ነው በየጠዋቱ የምትወጣው። ጣቷ ተወጋግቶ አይቶ ሲጠይቃት «ስቴፕለር ነው» ብላዋለች፤ እሱም አምኗል። ደንበኛውን የነጠቀው አጅሬ ብቻ አልነበረም፤ የገዛ ልጁም ነበረች።

«እህስ?» አሉ እትዬ፤ እስክሪብቶውን እየዘረጉለት።

ሙጫ ነው ቢል፣ የልጁን እጅ በራሱ አፍ ማዋረዱ ነው። አይደለም ቢል ደግሞ፣ ያን ሁሉ ወር ሲዋሽ እንደኖረ ሰፈሩ ሊያውቅ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሱሪውን አጣጥፎ ለፀጉር አስተካካዩ መለሰለት።

«የእጅ ስፌት ነው» አለ። «ጥሩ እጅ ነው። እኔ አልፈርምም።»

«ስንት ከፍለውህ ነው?» አሉ እትዬ። መልስ አልጠበቁም፤ ወረቀታቸውን ጠቅልለው ወጡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ በሩ ላይ ትንሽ ቆሞ «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ሄደ።

አመሻሽ ላይ ልጁ ገባች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጠየቃት።

«ቀኝ እግሩ አጠር ያለ ሰው ሱሪ አሳጥረሽ ታውቂያለሽ?»

ቆማ ቀረች። «ነገረህ? ላልናገርበት ላይናገርብኝ ተማምለን ነበር እኮ!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። «ስፌትሽ ነው የነገረኝ» አለ።

«አባዬ፣ ምን ላድርግ? ከአንተ ጋር ቁጭ ብዬ ዝንብ እሽ ልበል?»

ሊቆጣት ቀኑን ሙሉ ሲዘጋጅ ውሏል፤ ቁጣው ግን አልመጣ አለው። «ከእኔ ስፌት ይበልጣል» አለ። ለሰው እንዲህ ብሎ አያውቅም፤ ለእሷማ ጭራሽ።

አጎንብሳ ዐይኗን ጠረገች። «ምን ዋጋ አለው? ከሰኞ ጀምሮ አትምጪ ብለውኛል። ማሽን አስመጡ።»

«የምን ማሽን?»

«በሙጫ የሚያጣብቅ።»

እየቀለደችበት እንደሆነ ፊቷን መረመረ። እየቀለደች አልነበረም።

«ለሙከራ የሰጡኝን ወስጄ አጠብኩት» አለች። «ሦስተኛው ላይ ለቀቀ።»

ጋሼ ሜትር ሳቀ፤ ሳቁ እንባውን እስኪያመጣው ድረስ ሳቀ። ውሸቱ እውነት ሲሆን ለማን ይናገረው? ሰፈሩ እንደሆነ ከእንግዲህ አያምነውም። ሆኖም መናገርም አላስፈለገም፤ ውሃና ሳሙና ይናገሩለታል። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሱሪ ሁሉ መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል። ዞር ብሎ ሱቁን አየ፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ወንበር።

«ወንበር ያስፈልግሻል» አለ። «የት ነው የሚረክሰው?»

በመስኮቱ ወደ ማዶ አየች። «መሐላውስ አባዬ?»

«ለወንድሜ ነው የምገዛው እላለሁ።»