የእሜቴ ዝላይ

በቀትር ፎቶ አንሺልኝ የሚለኝን ሰው አልወደውም። በተለይ ጥቁር ውሻ! ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ የውሻው ጀርባ ያብረቀርቃል፣ ፊቱ ግን ከሰል ነው፤ ዓይን የለው፣ አፍ የለው። ይህን ለወንድም ጋሼ ስንቴ ነገርኩት! እሱ እቴ፣ መች ሰምቶኝ ያውቃል።

"ሜዳው ባዶ የሚሆነው ሰዉ ምሳ ሲወጣ ብቻ ነው። እኔ ልሙት፣ ዛሬን ብቻ እሺ በይኝ" አለኝ።

ታላቅ ወንድሜ የጥበቃ ውሾች አሰልጣኝ ነው። እሜቴ ከቡችላነቷ ጀምሮ ያሳደጋት ውሻ ናት፤ ስትቀመጥ አገር ምድሩን የገዛች ስለምትመስል ነው ስሙን ያወጣላት። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት አለቃው "የእሜቴን ጉዳይ ሰኞ እንጨርሳለን" አሉት። ከእሷ በፊት ጉዳዩ ያለቀው ውሻ በመርፌ ነው የተሸኘው። ወንድሜን ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልበላ አለው። ከፍተኛውን መሰናክል ስትዘል የሚያሳይ ፎቶ ይዤ ከቀረብኩ ይተዉልኛል ብሎ ሰኞ በቀትር እኔን ከስቱዲዮዬ ጎትቶ አመጣኝ።

መሬቱ ነጭ አሸዋ ነው። በሆዴ ተኛሁ፤ ሸሚዜን አልፎ ፈጀኝ። ግን ዝቅ ስል ከአሸዋው የሚንጸባረቀው ብርሃን ፊቷን ከታች ያበራዋል። የቀትር ፀሐይ አንድ ደግነት ብትኖራት ደግሞ፣ ብርሃኑ ስለሚተርፍ ካሜራው እጅግ ፈጥኖ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የሚሮጠውን ነገር ቀጥ ያደርገዋል።

"ሆፕ!" አለ ወንድሜ።

እሜቴ መጣች፣ ዘለለች፣ ጅራቷን እየቆላች ወደ እሱ ተመለሰች። "ወይ እሜቴ! ኮረዳ ሆነሽ የለም እንዴ!" አልኳት። ሰባት ጊዜ አስዘለልናት።

ከዚያ ጃኬቴን ራሴ ላይ ደፍቼ የካሜራውን ስክሪን አየሁ። ክው አልኩ። አየር ላይ ያለችባቸው ፎቶዎች ድንቅ ናቸው። መሬት ስትነካ ግን፣ በሰባቱም ላይ፣ የኋላ ግራ እግሯን ሆዷ ስር ሰብስባዋለች። ጆሮዋ ወደ ኋላ ተኝቷል፣ ከንፈሯ ተሸብሽቦ ጥርሷ ወጥቷል። ዓይን አይይዘውም፤ ወዲያው እግሯን አውርዳ ምንም እንዳልሆነች ትሄዳለች።

"ወንድም ጋሼ፣ ታውቅ ነበር?"

መሬት መሬት እያየ "ከክረምት ጀምሮ ነው" አለ። "ማንም አላየባትም። ሰርዢያቸው።"

ደሜ ፈላ። "አንተ ጨካኝ! እያመማት ሰባት ጊዜ?"

"ብትሞትብኝስ?" አለና እንባውን በእጅጌው ጠረገ። እናታችን የሞተች ዕለት እንኳ ሌላውን ሲያጽናና ነው የዋለው፤ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። አንጀቴን በላው። እያጉረመረምኩ መሬት የነካችባቸውን አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው።

አለቃው ከምሳ ሲመለሱ ቢሯቸው ገባን። ፎቶውን ረጅም ጊዜ አዩት።

"ጉድ ነው! ይህች ናት አሮጊቷ?" አሉ። ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አወጡ። "እኔ እኮ አርጅታለች ብዬ ቤትህ ወስደህ እንድትጦራት ፈርሜ ጨርሼ ነበር። ያ መርፌ አሁንም ይጸጽተኛል። እንዲህ የምትዘል ውሻ ግን እንዴት ትለቀቃለች? ገና ሁለት ዓመት ታገለግላለች።"

ወንድሜን አየሁት። ደም የሚባል ፊቱ ላይ አልቀረም። ምነው አንድ ቀን "ምን አስበዋል?" ብሎ ቢጠይቃቸው! አይጠይቅም እሱ። እኔስ ብሆን፣ ሮጬ ካሜራ ከማንሳት በቀር ምን ጠየቅኩ?

"ጌታዬ፣ እግሯን ያማታል" አለ።

"አሁን ዝላይዋን አሳይተኸኝ?"

"የሚያሳዩ ፎቶዎች ነበሩ" ብዬ ገባሁበት።

"የታሉ?"

"ሰረዝናቸው" አልኩ። እፍረት በላኝ።

አለቃው ተቆጡ። "የውሾቹ ሐኪም በዚህ ወር አይቷት ደህና ናት ብሏል። የትኛውን ልመን? በሉ ውጡ፣ በዓይኔ ልያት። ካነከሰች ዛሬውኑ ይዘሃት ሂድ።"

ሜዳው ላይ ቆምን። በሕይወቴ ለአንድ እንስሳ ክፉ ተመኝቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን "አንክሺ፣ በሞቴ አንክሺ" እያልኩ ለመንኳት። ወንድሜ እሜቴን ከመሰናክሉ ራቅ አድርጎ አቆማት። ከዚያ ለራሱም በማይሰማ ድምፅ "ሆፕ" አለ።

እሜቴ ቀና ብላ አየችው። ድምፁ ልክ እንዳልሆነ ገብቷታል፤ ያጠፋች መስሏታል መሰለኝ። እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ከመሰናክሉ በላይ ክንድ ያህል አልፋ ሄደች። ስታርፍ እግሯ እንዴት እንደተሰበሰበ እኔ የት እንደማይ ስለማውቅ አየሁ፤ ወንድሜም አየ። አለቃው ያዩት የሚቆላውን ጅራቷን ነው።

"ይህችን ነው ታነክሳለች የምትሉኝ?" አሉና አጨበጨቡ። ወረቀቱን ለሁለት ቀደው ወደ ቢሯቸው ተመለሱ።

እሜቴ ወንድሜ እግር ስር መጥታ ተቀመጠች፤ እያለከለከች ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ተንበርክኮ አንገቷን አቀፋት።

"ጎበዝ" አላት። "ጎበዝ፣ የኔ እሜቴ።"

ሌላ ምን ይበላት? ያዘዛትን ነው የፈጸመችው።