ፊልተሩ ያላነጣው ቀይ

የእንጨት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ የታደሰውን ሕንፃ ከነማታ መብራቱ እንድታነሳለት ሲጠይቃት፣ ፎቶ አንሺዋ ዓይኗን ሳታሽ እሺ አለች። ታላቅ ወንድሟ እዚያው የመጋዘን ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሁሉ «ኮስታራው» ነው የሚለው።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን አናደዳት። የግቢው መብራቶች ብርቱካናማ ናቸው። ዓይን ቶሎ ስለሚለምደው ልብ አይለውም፤ ለፀሐይ ብርሃን የተሠራ ፊልም ግን አይምርም። ግድግዳው፣ በሩ፣ መኪናው፣ ሁሉም ጭማቂ የተደፋበት መስሎ ወጣ። በማግስቱ ማታ ለአምፖል ብርሃን የተሠራ ፊልም ይዛ ተመለሰች፤ ሌንሱ ላይም ሰማያዊ ፊልተር ገጠመች። ፊልተር ብርሃን ይበላል፤ ስለዚህ ካሜራውን በማቆሚያው ላይ አስራ ሌንሱን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍታ አነሳች።

ጠዋት ፊልሙን አጥባ ስታየው ፊቷ ፈካ። መብራቶቹ ነጥተዋል፤ ግድግዳውም የራሱን ግራጫ አግኝቷል። አንድ ነገር ብቻ እምቢ ብሏል። ከሰጋቱራው መጋዘን በር በላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ደም መስላለች። ፊልሙ ተጭሮ ይሆናል ብላ ሌሎቹን አየች። ሁሉም ላይ አለች።

ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሰጋቱራው ቤት ውስጥ መብራት አለ እንዴ?»

«ሰጋቱራ መብራት ምን ያደርግለታል? ሊያነብ ነው?»

«ታዲያ ይሄ ቀይ ምንድን ነው?»

«ፊልምሽ ነዋ! ብርቱካኑን ነጭ ስታደርጊ አድረሽ አሁን ቀይ ፈልግልኝ ትይኛለሽ? ሞልቶ ስለነበር በገዛ እጄ ነው የቆለፍኩት።»

ስልኩን ዘጋ። እሷን ግን ሥራ አልያዝልሽ አላት። ሲመሽ ተመልሳ እዚያው ቦታ ላይ ቆመች። በዓይን ሲያዩት ምንም የለም፤ ቀዳዳዋ በብርቱካናማው ብርሃን ተውጣለች። ወደ በሩ ተጠግታ መዳፏን ብታሳርፍበት፣ ብረቱ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ይሞቃል። በደመ ነፍስ እጇን ሰበሰበች። ፎቶውን አንስታ ሄደች፤ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ፊልሙን አጠበችው። ቀዩ ከቀዳዳዋ አልፎ በጣሪያው ክፈፍ ሥር እንደ ክር ተስቧል።

ገና ሥራ ሲጀመር ሁለቱን ፊልሞች ይዛ ወንድሟ ቢሮ ገባች። መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ያዘችለት።

«የአምፖሉን ብርሃን ፊልተሩ ያነጣዋል፤ የፍምን ግን አይችለውም። ጋሼ፣ ይሄ መብራት አይደለም።»

ኮስታራው ሁለቱንም አየ። ከዚያ ቁልፉን አነሳ።

«ነይ፣ ከፍቼ ላሳይሽ።»

«ተው! አየር ከገባበት ይፈነዳል፤ እሳት አደጋ እንጥራ።»

«ለፎቶ ብዬ? መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

እንደማይሰማት ገባት። ከመጋዘኑ ጋር ግድግዳ ወደሚጋራው የአናጢዎች ክፍል ሮጠች፤ «ውጡ! እሳት! ውጡ!» ብላ ጮኸች። አናጢዎቹ መጋዛቸውን አጥፍተው፣ ገሚሶቹ እየሳቁ፣ ወጡ። የመጨረሻው ሰው ደጃፉን ሲሻገር የመጋዘኑ ቁልፍ ሲዞር ተሰማ።

መጀመሪያ መጋዘኑ አየር የሳበ መሰለ፤ ረጅም፣ ወደ ውስጥ የተሳበ ትንፋሽ። ከዚያ በሩ ወንድሟን ይዞ ተወረወረ። የአናጢዎቹ ክፍል ጣሪያ ተደረመሰ፤ ሥሩ ማንም አልነበረም።

የእሳት አደጋ ሰዎች ከማሽን ያመለጠች ብልጭታ ክምሩ ሆድ ውስጥ ገብታ ቀናት ሙሉ ስትበላው እንደቆየች ተናገሩ። ከላይ ውሃ ቢያጠጡትም ከሥሩ መጨሱን አላቆመም፤ ተራ ገብተው ሲጠብቁት ሰነበቱ።

ወንድሟ ተረፈ። አንድ ዓይኑ ግን ጠፋ፤ እጆቹም ተቃጥለው ነበር። ሆስፒታል ስትገባ በፋሻው ውስጥ ሆኖ ድምፅዋን ለየ።

«አናጢዎቹስ?» አላት።

«ሁሉም ደህና ናቸው።»

«ተው ብለሽኝ ነበር» አለ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እጁን እንዳትይዘው ፋሻ ነው፤ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች።