ለመድኃኒትስ?

«ልቀቂው አልኩሽ! የወንድሜ መድኃኒት ነው!»

«አልለቅም፣ አክስቴ። ቢመቱኝም አልለቅም።»

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ የሚያዞሩት ሴቶች ቆመው ያዩዋቸዋል። ወይዘሮ እናናዬ የፌስታሉን አንድ ጆሮ ይዘዋል፤ የሟቹ ልጅ ሸጊቱ ሌላውን። መሐል ላይ ከአባቷ ከአቶ ጀምበሩ የተረፉት የስኳር ክኒኖች ይንኮሻኮሻሉ። ዕለቱ ሰልስት ነው።

«እኔኮ ግፊት አለብኝ» አሉ እናናዬ። «ከጃናሞራ የወረድኩት ወንድሜንም ላለቅስ፣ መድኃኒቴንም ላገኝ ነበር። ትናንት ሆስፒታሉ ‹የለም፣ ከውጭ ግዙ› አለኝ። በምኔ ልግዛ? ይኸው እዚህ ተርፎ ተቀምጦ!»

«ይሄ የስኳር ነው። የእርስዎ የግፊት ነው።»

«ያም ነጭ፣ ይሄም ነጭ! ደግሞስ እኔና እሱ ከአንድ ማሕፀን አይደል የወጣነው? ለእሱ የተስማማ እኔን ምን ያደርገኛል?»

አንዷ ሴት ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። ሸጊቱ አልሳቀችም።

«እናቴም ምን ያደርገኛል ነበር ያለችው» አለች።

የእናናዬ እጅ ላላ እንጂ አልለቀቀም።

ሸጊቱ ገና ተማሪ ሳለች ነበር የእናቷ የገበያነሽ የልብ መድኃኒት ከሆስፒታሉ ያለቀው። አንዲት ደግ ጎረቤት የራሷን ክኒን አካፈለቻት፤ እንደ ጨው፣ እንደ እርሾ። ገበያነሽ በማግስቱ አልተነሳችም። ዘመድ ጎረቤቲቱን ልክሰስ ብሎ ሲነሳ አቶ ጀምበሩ ተቆጡ። «እሷ ያላትን አካፈለች። ሚስቴን የገደላት ባዶው መደርደሪያ ነው።»

ከዚያ ወዲህ የወረዳው ምክር ቤት ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቁጥር ከኋላ ወንበር ይነሱ ነበር። ሳንቃ በር ላይ የፓርክ ጥበቃ ስካውት ሳሉ ከገደል ገደል የሚጣሩበት ድምፅ አልከዳቸውም። ስለ አዳራሽ ሲወራ፣ «ለመድኃኒትስ?» ይላሉ። ስለ ችግኝ ሲወራም፣ «ለመድኃኒትስ?» የከተማው ጎረምሳ ስማቸውን ትቶ «ለመድኃኒትስ መጡ!» ይል ጀመር። አንዴ ሰብሳቢው ተማርሮ፣ «አባቴ፣ ሌላ ጥያቄ የለዎትም?» ቢላቸው፣ «ይችን መልሱልኝና ሌላ አመጣለሁ» አሉት።

ባለፈው ወር ተመለሰላቸው። መንግሥት ለሆስፒታሉ ከሚመድበው ገንዘብ ለመድኃኒት ብቻ የሚውል በጀት ጸደቀ። የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ፀጋው ታመው የተኙበት አልጋ ድረስ ሄዶ ቢያበስራቸው፣ «ወረቀት አይዋጥም፣ ልጄ» አሉት። «መድኃኒቱ ሲገባ ንገረኝ።»

የድንኳኑ መጋረጃ ተገለጠ። ፀጋው ነው፤ እያለከለከ፣ ነጭ ጋወኑን እንኳ ሳያወልቅ።

«እግዜር ያጽናችሁ» አለ። «‹ሲገባ ንገረኝ› ብለውኝ ነበር... ልነግራቸው መጣሁ። መኪናው ገባ። የግፊቱ፣ የስኳሩ፣ የልቡ፣ ሁሉም አለ። የአወሳሰዱን ነገር ለየሰዉ የሚያስረዳ ባለሙያም ተቀጥሯል። ቤት የተረፈውን ደግሞ እየመለሳችሁ አምጡልን፤ እኛ እናስወግደዋለን።»

ከጥግ በኩል አያ ክንዴ፣ የሟቹ የስካውትነት ጓደኛ፣ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ጣሉ።

«በጥይት አይደለም በቃሉ ተኩሶ፣
መድኃኒት አስገባ ሹም ደጅ ተመላልሶ!»

«በለው!» አለ ወንዱ በሙሉ።

ድንገት እልልታ ቀለጠ። እናናዬ ናቸው። አንዲት አሮጊት «ኧረ በለቅሶ ቤት!» ብትላቸው፣ «ወንድሜ ረትቶ የለ እንዴ! ለእሱ ያልሆነ እልልታ ለማን ሊሆን ነው?» ብለው እንደገና አቀለጡት። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ዕንባቸው እየወረደ፣ ሴቶቹ ሁሉ እልል አሉ።

ሸጊቱ አክስቷን አየቻቸው። ከዚያ የያዘችውን የፌስታል ጆሮ ለቀቀች።

እናናዬ የፌስታሉን አፍ ቋጠሩ፤ ቋጠሮውን በጥርሳቸው አጠበቁት። ክንዴ እየዘለሉ ይፎክራሉ፣ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሯል። እናናዬ ፌስታሉን ነጠላቸው ሥር አቅፈው በጓሮ በኩል ወጡና የሆስፒታሉን መንገድ ያዙ።