ያልገደለ ጀግና

…አንድ ሰው ገድያለሁ ብሎ መገላገል ነዋ፣ ማን ያጣራል፣ ይላል ከጦር ሜዳ የተመለሰው ዳግም ለራሱ፣ ሽማግሌዎቹ ጨንቻ ዱቡሻ ላይ፣ አባቶቻቸው ሲመክሩበት በኖሩት መስክ፣ ለምለም ሳር ይዘው ተቀምጠዋል፣ አይቸኩሉም፣ ጉሙ እንኳ ከእነሱ ይፈጥናል። ከጦርነት የመጣ ሰው ያፈሰሰውን ደም እዚህ ተናግሮ ይነጻል፣ ካልነጻ ጎሜ ነው፣ እርግማኑ ከብትም ልጅም ላይ ይወርዳል፣ አብሮት የሚበላ የለም፣ ልጁን የሚድርለት የለም። ወለቴን፣ እጮኛውን። አባቷ ጋሽ አሞጽ በራፋቸው ላይ አቁመውት፣ ልጄ፣ ሜዳሊያህን መንግሥት ይወቀው፣ እኔ የምፈልገው የነጻ አማች ነው።

ግን ማንን ገደለ። ማንንም። ፈረሰኛ ነበር፣ መኪና በማይወጣው ገደል ለማዝመት አዛዦቹ የደጋ ልጆችን ፈረስ ላይ አወጧቸው፣ ጓዶቹ ወንዙ ዳር ቆስለው ሲቀሩ ቡላ ፈረሱን ኮልኩሎ ገባ፣ አንዱን አወጣ፣ ተመለሰ፣ ሌላውን አወጣ፣ ጠመንጃው ከጀርባው አልወረደም፣ አንድ እጁ በልጓም አንዱ በቁስለኛ ተይዞ በምን ይተኩስ፣ በጥርሱ? ሜዳሊያውን ለፈረሱ በሰጡት። ታች ሲቀላ ሰፈር፣ ባጃጅ ተራ፣ ጀለሶቹ፣ አለቃ፣ ስንቱን ደፋህ፣ ማንንም ሲላቸው፣ ባክህ አትካበድ። ወለቴ ራሷ ትናንት በስልክ፣ አንተ ሰውዬ፣ በቃ አንድ በላቸውና እንጋባ። ዱቡሻ ላይ መዋሸትም ጎሜ መሆኑን አጥታው ነው? ነገ ልጃቸው ቢታመም፣ ላሚቱ ብትመክን፣ ያቺ ውሸት ናት እያለ ሊኖር ነው፣ ዕድሜ ልኩን።

ልጄ፣ ይላሉ አባባ ታምሩ፣ የሽማግሌዎቹ ታላቅ፣ ተናገር፣ የስንት ሰው ደም አለብህ። የማንም፣ አባባ። ጋሽ አሞጽ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ታዲያ ሜዳሊያው በምን ተገኘ፣ በዘፈን? ሳቅ። አንድ የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ትመጣለች፣ ይውጣታል። ቁስለኛ አውጥቼ ነው። አባባ ታምሩ ሳሩን በጣታቸው እያሻሹ ያዩታል፣ በርኅራኄ፣ የሚያንገበግበውም ርኅራኄያቸው ነው፣ ጦርነት ያስረሳል ልጄ፣ እስክታስታውስ እንጠብቅሃለን።

እስክታስታውስ። ወለቴ ከዳር ከቆሙት ሴቶች መሃል አንገቷን ደፍታለች። መሄድ ይችላል፣ ቁልቁለቱ ያው። አይሄድም። ያስታወሰውን ተናግሯል፣ ሌላ የለውም፣ ፊት ለፊታቸው እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ ይላል፣ ይጠብቁ፣ እሱም ይጠብቃል፣ ማን ቀድሞ እንደሚነሳ እንተያያለን።