መጀመሪያ ተኚ

መቀሱ አፉን ከፍቷል... በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ። ጨርቅ የለም ከፊቱ። የጠዋት ፀሐይ ብቻ ስለቱ ላይ ተቀምጣለች።

መቀሱን ታያለች ባንቺአምላክ፤ ከመቀሱ አሻግራም መንገዱን። ከመንገዱ ማዶ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤቱ ደጅ ቢያድግልኝ... ወንድሟን ደሳለውን በወሰን ጠብ የገደለው ቢያድግልኝ። ስምንት ዓመት ታስሮ ተፈታ፤ ከወፍጮ ቤቱ ተቀጠረ። ዱቄት ለብሶ ከገበያተኛው ጋር ይስቃል።

እሱ ይስቃል... እሷ አትተኛም።

አሥራ አንድ ቀን። እህል አልወርድ አላት። ክሩ ከመርፌው ዓይን አልገባ አላት። ወፍጮው ሲያጓራ ከጩኸቱ ሥር የደሳለው ድምፅ ይመጣል፦ «እህቴ... ምን ትጠብቂያለሽ? ተነሺ!» ወፍጮው ሲቆምም ድምፁ አይቆምም።

እሱ ይስቃል... እሷ አትተኛም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተነሳች። መቀሱን በነጠላዋ ጠቅልላ ተሻገረች መንገዱን። ጀርባውን ሰጥቷታል፤ ጆንያ ያነሳል። አንገቱን አየችው፣ ላብ ያራሰውን፣ ዱቄት የለበሰውን።

«አሁን፣ እህቴ!» አለ ድምፁ።

እህቴ?... ደሳለው በሕይወቱ «እህቴ» ብሏት አያውቅም። «ባንቺዬ» ነበር የሚላት።

ታዲያ ይሄ ማነው?

ፈራች። ቢያድግልኝን አይደለም... የገዛ ጆሮዋን።

ከዚያው ዞራ ጤና ጣቢያ ሄደች። የአእምሮ ሕመምተኞችን የምታየዋ ሲስተር ምንታምር ፊት ነጠላዋን ፈታች።

«ያዢልኝ፣ ሲስተር። እኔ ዘንድ ከዋለ ሰው እገድልበታለሁ።»

ሲስተር ምንታምር መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ከታ ቆለፈችበት። ወንበር ሳበችላት።

«ራስሽንስ? ልትጎጂ አስበሻል?»

«ከሱ በኋላ።»

«ይቅር በዪው አልልሽም» አለች ሲስተር ምንታምር። «እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን። መጀመሪያ ተኚ።»

እናቷ ተጠርታ መጣች፤ ባንቺአምላክ ሲስተር የሰጠቻትን መድኃኒት ዋጠች፤ እናቷ እጇን እንደያዘች... ተኛች።

ሳምንታት አለፉ። ድምፁ ራቀ... ቀጠነ... ጠፋ። ጥላቻዋ ግን አልጠፋም። የራሷ ነበር፣ በራሷ ድምፅ የሚናገር።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ሽማግሌዎች ደጇ ቆሙ። ቢያድግልኝ ከመካከላቸው፣ ድንጋይ በጫንቃው፣ ዓይኑ መሬት ላይ።

«ልጄ፣ ስለ ደሳለው ነፍስ ብለሽ ማሪው» አሉ አንዱ አባት።

ባንቺአምላክ አየችው... ረጅም ጊዜ።

«አልገድለውም፣ አባቴ» አለች ቀስ ብላ። «አልምረውምም። ድንጋዩን አውርድ የምለው ቀን ከመጣ፣ እኔው ራሴ አስጠራችኋለሁ። ዛሬ ግን ሲስተር ጋ ቀጠሮ አለኝ።»

በሯን ቆለፈች። በመካከላቸው አልፋ ሄደች።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አውርድ የሚለው ጠፍቶ፣ ቢያድግልኝ ከነድንጋዩ ቆመ።